የደባርቅ መኪና፣ የመተማ መኪና

አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ታይሚንጉ ሊስተካከል ጋራዥ ሲገባ ኮፋኖውን ከመክፈቴ በፊት ሾፌሩን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «መኪናው የሚሠራው የት ነው?» መልሱ ደባርቅ ከሆነ ሥራዬ አንድ ዓይነት ነው፤ መተማ ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱም ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን። ጥያቄው የሚገርማቸው ሾፌሮች አሉ። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ያለው ቁጥር ላይ ያድርጉልኝ እንጂ አገሩ ምን አገባው?» ይሉኛል።

መጽሐፉን አከብራለሁ። የድሮው ሂሉክስ ባለ 18 አር ሞተሩ ቁጥሩ 7 ዲግሪ ነው፤ የላንድ ክሩዘሩ 2 ኤፍም እንደዚያው 7። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ክራንክ ሻፍቱ 7 ዲግሪ ሲቀረው ካንዴላው እሳት ይሰጣል ማለት ነው። የሚቀድምበት ምክንያት አለው። ቤንዚንና አየሩ እንደ ባሩድ ባንድ ጊዜ ቦግ አይልም፤ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነስቶ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው የሰከንድ ሺህኛ ሁለት ሦስት እጅ ብትሆን ነው፤ ግን ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዷ ሺህኛ ክራንክ ሻፍቱ 18 ዲግሪ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር እሳቱም ይበልጥ መቅደም አለበት። ይህን የሚሠሩት ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ክብደቶችና ሞላዎቻቸው፣ በጎን በኩል ደግሞ የቫኪዩም ዲያፍራሙ ናቸው። የእኛ እጅ የሚገባው መነሻው ላይ ነው። መነሻው ከተሳሳተ ከላይ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይሳሳታል።

አሁን አገሩ ወደሚገባበት ልምጣ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ገደማ፤ ከደባርቅ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅ የደረሰ መኪና 3,600 ሜትር ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጎንደር ላይ የሚቀረን ከ80 በመቶ በታች ነው፤ ደባርቅ ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የሳሳው አየር ቀስ ብሎ የሚነድ መሆኑን ነው። ቀስ ብሎ የሚነድ ከሆነ ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት። በሰባቱ ዲግሪ ከተውነው ነበልባሉ ሥራውን ሳይጨርስ ፒስተኑ ወርዶ ያመልጠዋል፤ የተረፈው ሙቀት በማርሚታው ይወጣል፤ ቫልቮላውን ያቃጥላል፤ ራዲያተሩንም ያፈላል። ደባርቅ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ሳይሞላ እንደሚፈላ አስቡት። ከዳባት ገብስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ነጭ ሽንኩርት የሚጭኑ ፒካፖች ራዲያተር አፈላ ተብለው ሲመጡ፣ ራዲያተሩን ከማስፈታቴ በፊት ታይሚንጉን የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋግሜ ያየሁት ነውና ወጣት መካኒኮችም እንዲህ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ራዲያተር መቀየር ውድ ነው፣ ዲስትሪቢውተር ማዞር ግን የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው።

ቶዮታም ይህን ያውቃል። ለአሜሪካ በሠራቸው ካርቡሬተር ባላቸው መኪኖች ላይ ከ1,200 ሜትር ገደማ በላይ ሲወጡ ተጨማሪ አየር የሚሰጥና እሳቱን የሚያስቀድም መሣሪያ ገጥሞ ነበር። ወደ እኛ የመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። እኛ ነን በእጃችን የምናደርግላቸው። ለደጋ ብቻ የሚሠራ መኪና ከሆነ ከመጽሐፉ ጥቂት ዲግሪ አስቀድማለሁ፤ ስንት እንደሆነ ሞተሩ ራሱ መንገድ ላይ ይነግረኛል።

መተማ ሌላ ዓለም ነው። ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ለደባርቅ የተቀደመ እሳት ይዞ ሰሊጥ ሊጭን የወረደ ፒካፕ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ሲረገጥ ያንኳኳል። ሾፌሩ «ቫልቮላ ነው» ይላል፤ ራዲዮውን ከፍ አድርጎ ይነዳል። የሚሰማው ቫልቮላ አይደለም። ነበልባሉ ያልደረሰበት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በግፊቱና በሙቀቱ ብዛት ራሱ ፈንድቶ ፒስተኑን እየመታው ነው። እንዲህ ሲመታ የከረመ ሞተር ቴስታታው ሲነሳ ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ የፒስተኑ አናት ጠርዝ ላይ ብል የበላው የሚመስል ጥቃቅን ጉድጓድ አለ፤ ካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ከፒስተኑ ተፍቆ የተረጨ አሉሚኒየም ነጠብጣብ ይዟል፤ በፋሻ ቀለበቶቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ተሰንጥቋል። አንዳንዱም አናቱ ተበስቶ ይመጣል። ይህ ሁሉ ጥፋት ጎንደር ላይ ሚኒሞው ደህና፣ ድምፁ ደህና በነበረ መኪና ላይ የሚደርስ ነው።

ቤንዚኑም የራሱ ጣጣ አለው። ማደያ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ላምባ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። ላምባ የሞተርን ማንኳኳት የሚከላከለውን አቅም ያወርደዋል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ይታገሠዋል፤ ቆላ ላይ አይታገሠውም። መጥፎ ቤንዚን፣ የተቀደመ እሳት፣ ሙቀትና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ከመጡ ሞተሩ መተማ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ወደ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ የሚስተካከለው ኮንታክት ፖይንቱ ነው፤ ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር። ካሙን የሚነካው እግሩ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ ታይሚንጉን አስተካክሎ ፖይንቱን ከኋላ የሚነካ ሰው የሠራውን መልሶ አፈረሰው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ሚኒሞው ወርዶ፣ የቫኪዩሙ ቱቦ ተነቅሎ ይደፈናል። ፑሌጃው ላይ ያለው ጭረት በዝገትና በዘይት ስለሚሸፈን ጠርጌ ጠመኔ እቀባዋለሁ። ከዚያ የታይሚንግ መብራቱ ከአንደኛው ካንዴላ ገመድ ጋር ይያያዛል፤ የዲስትሪቢውተሩ ማሰሪያ ላላ ይደረግና፣ ሮተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ሲዞር እሳቱ ይቀድማል፣ ወደሚዞርበት ሲሄድ ይዘገያል። ጠመኔው ሰባት ላይ ቆሞ እስኪታይ ነው።

በጆሮ ብቻ የሚያስተካክሉ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። ጆሮ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ እኔም ያለሱ አልሠራም። ግን ቆሞ ባለ መኪና ላይ ጆሮ ያታልላል። ጭነት የሌለው ሞተር እሳቱ በቀደመለት ቁጥር በሚኒሞው ላይ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይጠራል። «አሁን አማረ» ተብሎ የሚታሰረው ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚገባው እጅግ የቀደመ ነው። ጉዳቱ የሚታወቀው መኪናው ጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣ ነው፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ መካኒኩ አጠገቡ የለም። በመብራት መነሻውን ያዝ፤ በጆሮ መንገድ ላይ ጨርስ፤ እኔ ለልጆቹ የምለው ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ የቫኪዩም መለኪያ ያላቸው ወጣቶች ጎንደር ላይ ሞተሩን ለክተው «ይሄ ሞተር አርጅቷል» ሲሉ እሰማለሁ። መለኪያው በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። መጽሐፉ 18 የሚለው ሞተር እዚህ 11 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሞተር በዚህ የተነሳ እንዳይፈታ እሰጋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ዲስትሪቢውተሩ ጎን ላይ ስላለችው ትንሽ ነገር ነው። የድሮዎቹ የቶዮታ ዲስትሪቢውተሮች የቫኪዩም ክፍላቸው ጫፍ ላይ ጎማ ክዳን ያላት በእጅ የምትዞር መዘውር አለቻቸው። አጠገቧ ጭረቶች፣ በአንዱ ወገን ኤ፣ በሌላው አር የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ወደ ኤ ሲዞር እሳቱ ይቀድማል፣ ወደ አር ሲዞር ይዘገያል። ፋብሪካው መኪናው በየአገሩ የተለያየ ቤንዚን እንደሚያገኝ ያውቅ ስለነበር ሾፌሩ ዲስትሪቢውተሩን ሳይነካ እንዲያስተካክል የሠራት ናት። ለእኛ አገር ዳገትና ቆላ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም። ግን ክዳኗ ጠፍቶ፣ አቧራና ዝገት ይዟት ደርቃ ነው የማገኛት፤ ብዙ ሾፌር መኖሯንም አያውቅም። ዘይት ነክሬ፣ ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ መሃሏ ላይ አቆማታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው መነሻው የሚለካው።

ሙከራውን አዘዞ ላይ፣ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ሜዳ መንገድ እጀምራለሁ። በሰዓት 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር እየሄድን በመጨረሻው ማርሽ ቤንዚኑን እስከ ወለል እረግጣለሁ። ቀለል ያለች ንክኪ ተሰምታ ፍጥነቱ ሲጨምር ወዲያው መጥፋት አለባት። ምንም ካልተሰማ እሳቱ ዘግይቷል፤ ካልጠፋ ቀድሟል። ከዚያ ተመልሰን ጭነን የጎሃን ዳገት እንወጣለን። የደባርቅ መኪና ከሆነ ኮሶዬ ድረስ ብንሄድ እመርጣለሁ፤ ሾፌሩ ጊዜ ካለው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና መጠበቅ ከበፊቱ የበለጠ ተገቢ ሆኗል። ስለዚህ መኪናውን ሳስረክብ ሾፌሩን ኮፋኖው ሥር አቁሜ መዘውሯን በራሱ እጅ አስዞረዋለሁ። ለደጋ ያደረግንበትን ጭረት በነጭ ቀለም፣ ለቆላ የሚሆነውን በቀይ እቀባለሁ። ወደ መተማ የሚወርድ ከሆነ ጎንደር ላይ ሳይነሳ ወደ ቀዩ ይመልሳት፤ ሲመለስ አዘዞ ላይ ወደ ነጩ። ቀዩ ላይ ሆኖም ቆላ ላይ የሚያንኳኳ ከሆነ ችግሩ ታይሚንግ አይደለም፤ ቴስታታው ውስጥ ካርቦን ተጋግሯል ወይ ቤንዚኑ ተበላሽቷል። ቀስ ብሎ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳይረግጥ ይመለስ፤ ቴስታታውን አብረን እናነሳዋለን።