«ቴክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ልዩ ልዩ ትርጉሞችና የመምህሩ ተግባር

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ እንደመሆኑ መጠን፣ የአንድን ተራ ግሥ ትርጉም መሳት በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ጉድለት አይደለም። ለዚህም «ቴክ» የተባለው ግሥ በቂ ምሳሌ ይሆናል።

ቃሉ ከጥንታዊው የስካንዲናቪያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ «ኒማን» የተባለውን ነባር ግሥ ቀስ በቀስ አስለቅቆ ቦታውን ወርሷል። ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ትርጉም «ወሰደ» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ግሡ ትርጉሙን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከተሳቢውና ከአጃቢው ቃል ነው። «ቴክ ኤ ባስ» በአውቶቡስ መሳፈር ነው፤ «ቴክ ኤን ኤግዛም» ለፈተና መቀመጥ ነው፤ «ቴክ ፕሌስ» መካሄድ ወይም መፈጸም ነው። «ቴክ ኦፍ» ስለ ልብስ ሲነገር ማውለቅ፣ ስለ አውሮፕላን ሲነገር ከምድር መነሣት ይሆናል። «ቴክ አፍተር» ደግሞ በመልክ ወይም በጠባይ ወላጅን መምሰል ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በሌሎች ትምህርቶች ነው። «ቴክ ፋይቭ ፍሮም ናይን» ማለት ከዘጠኝ አምስት ቀንስ ማለት ሲሆን፣ «ቴክ ኤክስ ቱ ቢ ፋይቭ» ግን ኤክስ አምስት ነው እንበል ማለት ነው። በፊዚክስ «ሃው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ» የሚለው ጥያቄ የሚፈልገው ጊዜን ነው፤ «ሎንግ» ማለት ረጅም መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን ርዝመት ሊያሰላ ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ስሌቱን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ጥያቄውን ሳይረዳ ቀርቶ ነው።

መፍትሔው ረጅም የትርጉም ዝርዝር ማስሸምደድ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ይህን የቋንቋ ጠባይ ከራሱ አንደበት ያውቀዋል፤ «ጉንፋን ያዘው»፣ «ሥራ ያዘ»፣ «ዝናብ ያዘን»፣ «ቀጠሮ ያዘች» ሲባል ግሡ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ልዩ ልዩ ነው። መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ ግሡን ለብቻው ሳይሆን ከነአጃቢው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢያስተምር፣ ተማሪው ቃሉን በዐውዱ መመርመር ይለምዳል።

የሒሳብና የሳይንስ መምህራንም ይህን ተግባር ለእንግሊዝኛ መምህር ብቻ ሊተዉት አይገባም። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም በየምዕራፉ መጀመሪያ እንግዳ የሆኑትን የሙያ ቃላት ሲያብራሩ፣ የታወቁ የሚመስሉትን ተራ ግሦች ጭምር ቢያክሉ ጠቀሜታው የጎላ ይሆናል።