ባንድ ሶው፦ ገዢው ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ጣቱን የሚያስይዝበት ማሽን

የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ለመክፈት የተነሳ ባለሀብት ቀድሞ ከሚያስባቸው ማሽኖች አንዱ ባንድ ሶው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ማሽኑን የሚመርጠውና ማሽኑ ላይ የሚቆመው ሰው የተለያዩ ናቸው። ገዢው በዋጋ ይከራከራል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ያሰላል፣ አናጢው ደግሞ ማሽኑን የሚያየው ወርክሾፑ በር ላይ ሲራገፍ ነው። በዚህ ግዢ ገንዘቡን የሚያስይዘው ባለሀብቱ ሲሆን ጣቱን የሚያስይዘው ግን ሠራተኛው ነው። የአንደኛው ስህተት የሌላው ጉዳት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማሽኑ አሠራር ቀላል ነው። ጫፍና ጫፉ ተበይዶ እንደ ቀበቶ የተዘጋ ባለጥርስ ስለት ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት መዘውሮች ላይ ይሽከረከራል፤ እንጨቱም በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ወደ ስለቱ ይገፋል። ሐሳቡ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘ ቢሆንም፣ ስለቱ ብየዳው ላይ እየተበጠሰ ሲያስቸግር ቆይቷል። ክሬፐን የተባለች ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1846 በተሻለ የብየዳ ዘዴ የፈጠራ መብት ካገኘች በኋላ ነው ማሽኑ ለገበያ የበቃው። ዛሬም ቢሆን ስለት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ብየዳውን ነው። ከብየዳ በኋላ በልኩ እንደገና ሞቆ ያልለሰለሰ መገጣጠሚያ ይሰባበራል።

ነጋዴው ባንድ ሶውን የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰርኩላር ሶው በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ሲለውጥ፣ ቀጭኑ የባንድ ሶው ስለት የሚያባክነው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው። አንድን ወፍራም ጣውላ አሥር ጊዜ ለሚሰነጥቅ ሰው ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ማለት አንድ ሙሉ ጣውላ ከሰጋቱራ ተረፈ ማለት ነው። ወንዛን የመሰለ ውድ እንጨት ለሚሠራ ወርክሾፕ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ከዋጋው በፊት ሥራው

ማሽኑ የሚጠራው በመዘውሩ ዲያሜትር ነው። «14 ኢንች» ሲባል መዘውሩ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ሲሆን፣ ከስለቱ እስከ ማሽኑ ዓምድ ያለው ክፍተትም ከዚህ ጥቂት ያንሳል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ማሽኑ ምን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት እንደሚቆርጥ አይናገርም። ብዙዎቹ 14 ኢንች ማሽኖች የሚያስገቡት ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ደላላው «ትልቅ ማሽን ነው» ሲል ገዢው ሦስት ቁጥሮችን ይጠይቅ፦ የመዘውሩን ዲያሜትር፣ የመቁረጫውን ከፍታና የሞተሩን ጉልበት። ለወንበር እግርና ለጌጥ ቅርጽ 1 የፈረስ ጉልበት ሊበቃ ይችላል። ጠንካራ ጣውላ መሰንጠቅ የዘወትር ሥራው ለሆነ ወርክሾፕ ግን ከ2 የፈረስ ጉልበት በታች መግዛት ሞተር ለማቃጠል መዘጋጀት ነው።

የኤሌክትሪክ ጉዳይም አብሮ ይታያል። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ ስሪ ፌዝ ሲሆን 380 ቮልት፣ ፍሪኩዌንሲውም 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የ110 ቮልት ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስሪ ፌዝ ባልገባበት ቤት የስሪ ፌዝ ማሽን የገዛ ሰው ደግሞ ማሽኑን ሳይሆን ዕቃ ማስቀመጫ ገዝቷል ማለት ይቻላል።

ስለቱም እንደ ሥራው ይለያያል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት ሬዲየሱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ ኩርባ ይዞራል፤ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ግን ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሬዲየስ ይፈልጋል። ለመሰንጠቅ የሚመረጠው ሰፊና ጥርሱ የተራራቀ፣ በኢንች 3 ጥርስ ያህል ያለው ነው። መለዋወጫ ስለት ለማሠራት ርዝመቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም እኩል የሆኑትን መዘውሮች የአንዱን ዲያሜትር በ3.14 አባዝቶ፣ በሁለቱ መዘውሮች እምብርት መካከል ያለውን ርቀት እጥፍ በመደመር ይገኛል። ለዚያ ርዝመት ስለት የሚሸጥ ወይም የሚበይድ ሰው መኖሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚያሰኝ ነው።

ያገለገለ ማሽን ሲገዛ

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው አዲስ ቀለም አይቶ እንዳይታለል። መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ መዘውሮቹን በእጁ ያዙር፤ የሚወላገድ መዘውር ወይም የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ካለ ዋጋው ከዚያው ይቀነሳል። የመዘውሩ የጎማ ልባስ ተሰነጣጥቆ፣ ስለቱን ከግራና ቀኝ የሚይዙት መሪዎች ተበልተው፣ ዓምዱ ተሰንጥቆ ተበይዶ እንደሆነም ይመልከት። ከሁሉም በላይ የራሱን ጣውላ ይዞ ሄዶ ያስቆርጥ። የመዘውሮቹ መሸፈኛ በር ወይም የስለቱ መከለያ የጎደለው ማሽን ግን በቅናሽ የሚገዛ አይደለም፤ መከለያው እስኪሟላ ድረስ ሥራ የማይጀምር ማሽን ነው።

ገራም የሚመስል ማሽን

ባንድ ሶው እንደ ሰርኩላር ሶው እንጨቱን ወደ ሠራተኛው መልሶ አይወረውርም፤ ስለቱ ወደ ታች ስለሚሄድ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል። ገራም የሚያስመስለውም ይህ ነው። ሆኖም ሥጋ ነጋዴዎች አጥንት የሚቆርጡበት ማሽንም በዚሁ አሠራር የሚሠራ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የ14 ኢንች ማሽን ስለት በደቂቃ 900 ሜትር ያህል ይሮጣል።

ስለዚህ የላይኛው መከለያ ከእንጨቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። እጅ ከስለቱ ግራና ቀኝ እንጂ ፊት ለፊት አይሆንም፤ ቆረጣው ሊያልቅ ሲል የሚገፋው በእንጨት መግፊያ ነው። ድቡልቡል እንጨት ስለሚሽከረከር ማቀፊያ ያስፈልገዋል። ጓንት ስለት ሲቀየር እንጂ ሲቆረጥ አይደረግም። ቀለበት፣ ስካርፍና የተንዘላዘለ እጅጌም ከማሽኑ ይርቃሉ። ስለት ቢበጠስ ወደ ኋላ ብሎ ማጥፋት፣ መዘውሮቹ ጨርሰው እስኪቆሙም በሩን አለመክፈት ይገባል። ሰጋቱራም በዋዛ አይታለፍም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የብናኝ መሳቢያ፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መከለያ የዋጋው አካል ሆነው መታሰብ አለባቸው።

ለባለሀብቱ ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላደረሰው በስተቀርም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በግዢ ቀን የተረፈው ቅናሽ በካሣ፣ በሕክምናና በቆመ ሥራ ተመልሶ ይሄዳል። የተቆረጠ ጣት ግን በካሣ አይመለስም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ገዢው ገበያ ሲወጣ ደላላውን ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ላይ የሚቆመውን አናጢም ይዞ ቢሄድ የሚያወጣው የአንድ ቀን አበል ነው፤ ከሁሉ ርካሹ መድን ይኸው ነው።