ለልጅ የሒሳብ አስጠኚ ስለ መፈለግ

ልጁ በሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ የቀረበት አባት ወይም እናት፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ በመጀመሪያ የሚያስበው ነገር አስጠኚ መቅጠር ነው። አስጠኚ ማለት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ወደ ቤት እየመጣ ልጁን ለብቻው የሚያስተምር መምህር ነው። ማስታወቂያው በመብራት ምሰሶና በሱቅ በር ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ደላላውም ስልክ ይደውላል። ነገር ግን አስጠኚ ማግኘትና ለልጅ የሚጠቅም አስጠኚ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፥ ይህን ጉዳይ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች በሚገባ ለማስረዳት አስበናል።

ልጅን ለብቻ አስቀምጦ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥረውና ዳዊት የሚደግመው ሕፃን በየተራው ወደ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ያለፈውን ቀን ትምህርት በሚገባ ያላወቀ እንደ ሆነ፥ ጓደኛው ስላለፈ ብቻ እርሱ አያልፍም። ባሕረ ሐሳብ የሚማረውም ደቀ መዝሙር የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፥ መጥቅዕም 18 መሆኑን ለማወቅ፥ 5500ንና 2018ን ደምሮ ለ19 ያካፍልና ከቀሪው ተነሥቶ ሒሳቡን ይቀጥላል። በመካከል አንዲት ቍጥር የተሳሳተች እንደ ሆነ የጾሙና የበዓሉ ቀን ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ መምህሩ የመጨረሻውን መልስ ብቻ ሳይሆን የመንገዱን እያንዳንዱን እርምጃ ይሰማል። በመኳንንትም ቤት ቢሆን፥ ራስ መኰንን በሐረር ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ፥ ከጓዴሎፕ የመጡትን ሐኪም ዶክተር ቪታልየንን፥ ቀጥሎም አባ ሳሙኤልን መድበው እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አንድ መምህር ብዙ ልጆች ይዞ በተወሰነ ጊዜ መጽሐፉን መጨረስ ስላለበት፥ አንዱ ልጅ ሳይገባው ክፍሉ ያልፋል። የሒሳብ ትምህርት ደግሞ እንደ ግንብ ነውና፥ የታችኛው ድንጋይ ሲናጋ የላይኛው አይቆምም። ማባዛት ያልገባው ልጅ ማካፈል አይሆንለትም፤ ማካፈል ያልገባውም ክፍልፋይ አይሆንለትም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ከ890000 በላይ ተማሪዎች መካከል፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው በተባለ ጊዜ ብዙ ወላጅ ደነገጠ። ድንጋጤው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የብዙ ልጅ ጉድለት የሚጀምረው ገና መደመርና መቀነስ በሚማርበት ዕድሜ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 100 ተማሪዎች 98ቱን እንደሚበልጥ ገለጸ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ መሆኑን ቢያሳዩም፥ ጥቅም መኖሩን ግን አጽንተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ በብሉም ምርመራ አስጠኚው ልጁን እየፈተነ፥ ያልገባውንም እያቃና ይሄድ ነበር እንጂ፥ እንዲያው ከጎኑ የተቀመጠ ብቻ አልነበረም።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ባነበብነው ብቻ ሳይሆን፥ በቤታችን በደረሰው ነገር ተምረን ነው። ልጃችን 4ኛ ክፍል ሳለ የሒሳብ ውጤቱ ስለ ቀነሰ፥ ሰው ያመለከተንን አንድ ወጣት አስጠኚ ቀጠርን። አለባበሱ የጸዳ፥ እንግሊዝኛው የተቀላጠፈ፥ በሰዓቱም የሚመጣ ነበርና እጅግ ደስ አለን። የልጁ ደብተር በየቀኑ በትክክለኛ መልስ ይሞላ ጀመር። እኛም ከመሥሪያ ቤት ደክመን ስንመለስ ደብተሩን ገልጠን፥ የእርማቱን ምልክት ብቻ አይተን፥ ልጁን አመስግነን እንተኛ ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በደረሰ ጊዜ ግን ልጁ ከፊተኛው ያነሰ ውጤት ይዞ መጣ። በዚያች ማታ በቍጣ ቃል ተናገርነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «አባባ፥ እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ፤ የቤት ሥራውን የሚሠራው ጋሼ ነው» አለን። ይህን በሰማን ጊዜ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ዐወቅን። ለአራት ወር ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ዕውቀት አልነበረም፤ ልጁ ራሱን የሚንቅበትን ምክንያት ነበር።

ከዚያ በኋላ በጎረቤታችን ጥቆማ፥ ብዙ ዘመን በአንደኛ ደረጃ አስተምረው በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት መምህርት አገኘን። እኒህ መምህርት በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አልገለጡም። በወረቀት ላይ 302 ሲቀነስ 148 ብለው ጻፉና፥ «እስቲ ልጄ፥ እየተናገርህ ሥራልኝ» አሉት። ልጁም፥ «ከ8 ላይ 2 ሲቀነስ 6፤ ከ4 ላይ ዜሮ ሲቀነስ 4፤ ከ3 ላይ 1 ሲቀነስ 2» እያለ 246 ጻፈ። መምህርቷ ስሕተት ነው አላሉትም። «302 ብር ይዘህ ገበያ ሄደህ፥ 148 ብር ብታወጣ 246 ይተርፍሃል?» ብለው ጠየቁት። ጥቂት አሰበና፥ «እንዲህ ከሆነማ ባለሱቁ ከሰረ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም በሒሳብ ትምህርት ላይ ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥለው ሦስት ባለመቶ ብርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ከኛ ተቀብለው በፊቱ አኖሩና፥ «148 ብር ክፈለኝ» አሉት። ልጁ ገንዘቡን አገላብጦ አይቶ፥ «ይዘርዘር» አለ። አንዱን መቶ በዐሥር ባለዐሥር ብር፥ ከዐሥሩም አንዱን በዐሥር ባለአንድ ብር ዘረዘሩለት። አሁን በፊቱ ሁለት መቶ፥ ዘጠኝ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት አንድ ብር ሆነ። 148ቱን ቈጥሮ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ሲቈጥር 154 ሆኖ አገኘው። በትምህርት ቤት «ተበደር» ሲሉት ከማን እንደሚበደርና ምን እንደሚበደር አያውቅም ነበር። በፍርድ ቤት ጉዳይ የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን፥ አበዳሪው ያልታወቀ ብድር መጨረሻው ክርክር መሆኑን እኛ ልናውቅለት በተገባን ነበር። ደግሞም በግእዝ ቍጥር 302 ሲጻፍ ፫፻፪ ነውና ዜሮ የለበትም። ዜሮ የሌለ ነገርን ስፍራ የምትጠብቅ ምልክት ስለ ሆነች፥ ሕፃንን ብታስቸግረው የሚያስገርም አይደለም።

መምህርቷ ሲሄዱ፥ «ልጅዎ 4ኛ ክፍል ነው፤ የጎደለው ግን የ2ኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ ወደዚያ ተመልሰን እንመጣለን» አሉን። ወደ ኋላ መመለሱ በመጀመሪያ አሳፈረን፤ በኋላ ግን ትክክለኛው መንገድ እርሱ መሆኑን አየን። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን መልሱን ራሱ ሠርቶ፥ እንዴት እንዳገኘውም አስረድቶ አለፈ። ደንቆሮ ነኝ ማለቱንም ተወ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አስጠኚ የት ይገኛል? አንደኛ፥ በጡረታ ላይ ካሉና በታችኛው ክፍል ካስተማሩ መምህራን ዘንድ ነው፤ እነዚህ ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃሉ። ሁለተኛ፥ ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ነው፤ እነዚህ ትጉና ለልጅ ዕድሜ የቀረቡ ናቸው፤ ነገር ግን ከፍተኛ ሒሳብ ማወቅ ሕፃንን ማስተማር ከማወቅ ጋር አንድ አይደለምና መፈተን ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ አስጠኚ የሚያገናኙ ድርጅቶችና ደላሎች አሉ፤ ከእነዚህ ጋር የሚዋዋል ሰው ከክፍያው ምን ያህሉ ለአስጠኚው እንደሚደርስና አስጠኚው ሳይስማማ ቢቀር ሌላ ይተኩ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። የልጁን የክፍል መምህር ግን ለገንዘብ አስጠኚ ማድረግ አይገባም፤ ውጤት የሚሰጠው እርሱ ነውና፥ አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ጠበቃም ዳኛም ሊሆን አይችልም። የክፍሉን መምህር የልጁ ጉድለት ምን ላይ እንደ ሆነ መጠየቅ ግን እጅግ ይጠቅማል።

አስጠኚውን ለመፈተን የምስክር ወረቀት ማየት ብቻ አይበቃም። ልጁ የተሳሳተበትን አንድ ሒሳብ አቅርበው፥ ከልጁ ጋር ሲሠራ ከሩቅ ተቀምጠው ይመልከቱ። እርሳሱን ይዞ የሚቈየው ማን ነው? አብዝቶ የሚናገረውስ ማን ነው? አስጠኚው «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ከጠየቀና እስኪመልስለት ከታገሠ መልካም ምልክት ነው። እርሳሱን ነጥቆ መልሱን ከጻፈ ግን አመስግነው ያሰናብቱት። ልጁ በትምህርት ቤት ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚማር ከሆነ፥ ነገሩን በአማርኛ አስረድቶ ቃሉን በእንግሊዝኛ የሚያስጠና ሰው ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ልጁን ያሸነፈው ቍጥሩ ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ ነውና።

ከተስማሙም በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሚመጣበት ቀንና ሰዓት፥ የወር ክፍያው፥ የቀረበት ቀን እንዴት እንደሚተካ፥ የአንድ ወርም የሙከራ ጊዜ ይጻፍበት። መታወቂያው ይታይ፤ የሚያውቀው ተያዥ ሰውም ይጠየቅ። ትምህርቱ የቤት ሰው በሚያይበት፥ በሩ በተከፈተ ክፍል ይሁን፤ ይህ ልጁንም አስጠኚውንም ከክፉ ነገርና ከሐሜት ይጠብቃል። ለትንሽ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከማስጠናት፥ በሳምንት ሦስት ቀን በአጭር በአጭሩ ማስጠናት ይበልጣል። ክፍያው የሚከብደውም ወላጅ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ፥ ጉድለታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በአንድነት ቢያስጠና ጥቅሙን አያጣም።

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ገንዘብ ስለ ከፈልን ብቻ ከኀላፊነት አንድንም። መልካም አስጠኚ የሚታወቀው ልጁ አስጠኚ የማያስፈልገው እየሆነ ሲሄድ ነው፤ ይህንም ለማየት ብዙ ድካም አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ የእርማቱን ምልክት መቍጠር ይተዉና፥ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ከደብተሩ አንዱን ሒሳብ በጣትዎ አመልክተው፥ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን እስኪጨርስም ይታገሡት። እኛ ይህን ጥያቄ አራት ወር ዘግይተን ስለ ጠየቅን፥ ሌላ ወላጅ እንዳይዘገይ ብለን ጻፍን።