ስለ ባለሞላ ሰዓት ስሕተትና ስለ ማረሚያው

በወግዲ ደጋ ሽማግሌዎች ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓቱን ይናገሩ ነበር። በዚህ ልኬት ሩብ ሰዓት ቢጎድል ወይም ቢተርፍ የሚቈጣ አልነበረም። ከአባቱ የወርቅ ሰዓት የወረሰ ሰው ግን ሰዓቱ በቀን ግማሽ ደቂቃ ሲቀድምበት «ተበላሽቷል» ብሎ ለማያውቀው ሠሪ ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የጥንቱ ዕቃ ወጥቶ ሌላ ገብቶበት ይመለስለታል። ስለዚህ ሰዓቱ ከመከፈቱ በፊት ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ መመርመር እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ውድነትና ትክክለኛነት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊስን ሲጐበኙ የተበረከተላቸው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት በ2017 ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ ሐራጅ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። እርሱም ቢሆን በሞላ የሚሠራ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ የእጅ ሰዓቶች በሴኮንድ 5 ጊዜ ሲመቱ፣ በርካሹ የባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ስለዚህም በስዊስ የክሮኖሜትር ፈተና እንኳ ለተለመደው የእጅ ሰዓት በቀን በአማካይ እስከ 4 ሴኮንድ መዘግየት ወይም እስከ 6 ሴኮንድ መቅደም ይፈቀዳል።

ከስሕተቱ ምክንያቶች አንዱ ሙቀት ነው። ተወዛዋዡን መዘውር የሚመልሰው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ከተራ ብረት የተሠራና ማካካሻ የሌለው ከሆነ፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ሰዓቱ በቀን ወደ 11 ሴኮንድ ይዘገያል። ከወግዲ ደጋ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ሰዓቱ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በቀን 2 ደቂቃ ያህል ሊጎድልበት ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል ሻርል ኤዱዋር ጊዮም የብረትና የኒኬል ቅይጥ አዘጋጀ፤ በዚሁ የቅይጥ ምርምሩም በ1920 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ሁለተኛው ማግኔት ነው። የሽቦው ጥቅሎች እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ሽቦው እንዳጠረ ይሆናል፤ ሰዓቱም በድንገት በብዙ ደቂቃ ይቀድማል። ሰዓታችንን የምናመሳክርበት የእጅ ስልክ ራሱ ማግኔት ስላለው በአጠገቡ ማሳደር አይገባም። ማግኔቱን ለማስለቀቅ ሰዓቱን መክፈት አያስፈልግም። ሦስተኛው የዘይት መድረቅ ነው፤ መዘውሩ ይደክማል፣ ስሕተቱም ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ሰዓቱን በየማለዳው በአንድ ሰዓት ላይ እንሙላ፤ ልዩነቱንም ለ7 ቀን እንመዝግብ። ከዚያም አንድ ሌሊት በጀርባው፣ ሌላ ሌሊት በጎኑ አስተኝተን እናወዳድር። በአንዱ አኳኋን የሚቀድም፣ በሌላው የሚዘገይ ከሆነ፣ አስተኛኘቱን በመምረጥ ብቻ የቀኑን ስሕተት ማካካስ ይቻላል።

ስሕተቱ በየቀኑ እኩል ከሆነ ሰዓቱ ጤነኛ ነው፤ ሠሪው ማስተካከያውን በጥቂቱ ቢነካው ይበቃል። አንድ ቀን ቀድሞ አንድ ቀን የሚዘገይ ከሆነ ግን መታጠብና ዘይት መቀባት ያሻዋል። ባለቤቱ መዝገቡን ይዞ ቢሄድ ሠሪው በግምት ዕቃ ከመለወጥ ይድናል፤ የአባትም ውርስ እንደ ነበረ ይቈያል።