የቢሮ ሰነድ በፍላሽ እስከ መቼ?

በመቐለ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ አምስት ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ አለ እንበል። በአምስቱም ላይ የአንድ ሥራ የተለያየ ቅጂ ይገኛል። የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሠራተኞቹ ተጠያይቀው ሲሆን፣ ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚሻገረውም በፍላሽ ነው። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ የመጣ ወይም አንዱ ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ዕለት የወራት ድካም ውኃ ይበላዋል። ደንበኛው ግን ቀብድ ከፍሏል።

ለዚህ ችግር ገበያው ያቀረበው መፍትሔ «ናስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኔትወርክ ማከማቻ ነው። የጫማ ካርቶን የምታህል ሣጥን ስትሆን ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስኮች ይገጠሙባታል። ከራውተሩ ጋር በኬብል ትያያዝና የቢሮው ኮምፒዩተሮች በሙሉ ከእርሷ ያነባሉ፣ በእርሷም ላይ ይጽፋሉ። የታይዋኖቹ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ከታወቁት አምራቾች መካከል ናቸው።

«ጎግል ላይ ማስቀመጥ እየተቻለ ሣጥን መግዛት ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱን የመቐለ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ስልክ ለጥቂት ወራት ተመልሶ በሰኔ 2013 ዳግም የጠፋ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ የተመለሰው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰነዱን በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ያስቀመጠ ድርጅት የገዛ ውሉን እንኳ ከፍቶ ማየት አይችልም ነበር። ናስ ግን መብራት ካለ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም በቢሮው ኬብል ሥራውን ይቀጥላል።

ኢንተርኔት ባለበት ጊዜም ቢሆን ስሌቱ ቀላል አይደለም። 100 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ወደ ውጭ ለመጫን፣ መስመሩ ካልተቆራረጠ፣ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያው ቪዲዮ በጊጋቢት ስዊች በኩል ወደ ናስ ለመግባት ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በክፍያ በኩል ደግሞ ጎግል ለ2 ቴራባይት በወር 10 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ በየወሩ ሲከፈል በአምስት ዓመት 600 ዶላር መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በእርግጥ ሣጥኗም በዶላር ስለምትገባ ከዚህ አታመልጥም። ልዩነቱ ክፍያዋ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ዲስክ ግን ያረጃልና የመተኪያ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል።

ገዢ በብዛት የሚታለለው ዲስኩ ላይ ነው። ሣጥኗ ብዙውን ጊዜ ባዶዋን የምትሸጥ ሲሆን ዲስክ ለብቻው ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች አንዳንዶቹ መረጃን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እያነባበሩ የሚጽፉ «ኤስኤምአር» ዲስኮች መሆናቸውን ሳይገልጽ በመቆየቱ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። በዚህ ስልት የተሠራ ዲስክ የተበላሸውን ተክቶ መረጃ ሲገለበጥበት እጅግ ይንቀራፈፋል። ስለሆነም ከመክፈል በፊት «ሲኤምአር» መሆኑን ከሞዴል ቁጥሩ ማረጋገጥ ይበጃል።

ተከላው ከባድ አይደለም። ዲስኮቹ መጀመሪያ ሲዘጋጁ በላያቸው ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ መሆናቸው ይታይ። ሁለት ዲስክ ላለው «ሬይድ 1» የሚባለው አሠራር ይመረጣል፤ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ብቻ ይሰጣሉ፤ ምክንያቱም አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ለሣጥኗ ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል። የደመወዝ ዝርዝሩን የሒሳብ ሠራተኛው እንጂ ተላላኪው የሚከፍትበት ምክንያት የለም። ከፋብሪካ የመጣው «አድሚን» የሚለው ስም ይዘጋ። ከቤት ሆኖ ለመሥራት ተብሎ ሣጥኗን በቀጥታ ለኢንተርኔት ማጋለጥም አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 «ዴድቦልት» የተባለው ፕሮግራም በሺሕ የሚቆጠሩ የኪውናፕ ሣጥኖችን ቆልፎ በቢትኮይን ቤዛ ጠይቋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም። የዩኤስቢ ገመድ ያለው ዩፒኤስ ከናሱ ጋር ሲያያዝ ባትሪው ከማለቁ በፊት መልእክት ይልክለታል፤ ናሱም የጀመረውን ጽፎ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል።

ብዙዎች ሬይድን ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር ያምታቱታል። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል። ሌባም ቢመጣ ሣጥኗን ከነዲስኮቿ ይዞ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በትግራይ ተረት አይደለም፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በመጋቢት 2013 እንዳስታወቀው ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከቢሮው ውጭ፣ ለምሳሌ በባለቤቱ ቤት ይቀመጣል። በየወሩም ከዚያ ቅጂ አንድ ፋይል አውጥቶ መከፈት አለመከፈቱን መፈተሽ ያሻል።