ጉልበቱን የታገሠ፣ ወንበሩን ያልታገሠ

ባለፈው ምዕራፍ ያወጋነው ግብ አግብተው ስለሚጨፍሩ ሰዎች ነበር። አሁን ወደ ሌላኛው የሜዳ ጫፍ እንሂድ። ተከላካይ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሲሳሳት ነው፤ ሰውየውን ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ይዞ ውሎ በዘጠናኛው ቢያመልጠው፣ በማግስቱ የሚወራው ያቺው አንዲት ደቂቃ ናት። ከእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ የወጣ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ምን ይመስላል? ለዚህ የመረጥኩት ሆሴ አንቶኒዮ ካማቾን ነው። ከእሱ የበለጠ ዋንጫ የሰበሰቡ ስፔናውያን አሰልጣኞች ሞልተዋል፤ የተከላካይን ጠባይ እንደ እሱ ገላልጦ የሚያሳይ ግን አላገኘሁም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካማቾ በ1955 በሙርሲያ ግዛት፣ ሲዬሳ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1973 ከአልባሴቴ ወደ ሪያል ማድሪድ ተሻገረ፤ ጫማውን እስከ ሰቀለበት እስከ 1989 ድረስም የሌላ ክለብ መለያ አልለበሰም። ቦታው በአብዛኛው የግራ ተመላላሽ ነበር፤ ሥራው ግን በዚያ ዘመን ደንብ ሰው መያዝ ነው። ዛሬ ቡድኖች በአመዛኙ ሜዳውን ተከፋፍለው ክልላቸውን ይጠብቃሉ። ያኔ አሰልጣኙ አንድ ሰው ይሰጥሃል፤ ያ ሰው ውሃ ሊጠጣ ወደ ዳር ቢወጣ እንኳ ትከተለዋለህ። ካማቾ ገና ለጋ ሳለ የተሰጠው ሰው የባርሴሎናው ዮሃን ክራይፍ ነበር፤ ባሎንዶርን ሦስት ጊዜ የወሰደው ክራይፍ! ስሙ የተነሣውም እሱን ጥላ ሆኖ በመከተል ነው።

ከዚያ ጉልበቱ መጣ። በ1978 መጀመሪያ ላይ በልምምድ መሀል ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ የጉልበት ጅማት የተበጠሰ ተጫዋች ቀዶ ሕክምና አድርጎ በወራት ውስጥ ሲመለስ ማየት ለምደናል፤ በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት ለብዙዎች የስንብት ደብዳቤ ነበር። ካማቾ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሜዳ ራቀ፣ የአርጀንቲናውም የዓለም ዋንጫ አመለጠው። ተመልሶ ግን አሥር ዓመት ያህል ተጫወተ። በጠቅላላው 9 የሊግ፣ 5 የንጉሡ ዋንጫ፣ 2 የዩኤፋ ዋንጫ አነሣ። ለስፔን 81 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ግብ አላስቆጠረም። በ1981 ፓሪስ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ከሊቨርፑሉ ግብ ጠባቂ ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት፤ ማድሪድም 1 ለ 0 ተሸነፈ። አጥቂ ቢሆን ኖሮ ይሄ የዕድሜ ልክ ቁስል ይሆንበት ነበር።

አሰልጣኝነቱ ከታች ነው የተጀመረው። በ1992 ራዮ ቫዬካኖን፣ በ1994 ኤስፓኞልን ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አሳደገ። በ1998 የልጅነት ቤቱ ሪያል ማድሪድ ጠራው። እዚህ ላይ ነው ጉልበቱን ሁለት ዓመት የታገሠው ሰው ሌላ ሰው የሚመስለው፦ ከክለቡ ኃላፊዎች ጋር ተጋጨና አንድም የውድድር ጨዋታ ሳይመራ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጥሎ ወጣ። ኩርፊያ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰው ሲይዝ የኖረ ሰው፣ የተሰጠውን ሰው ሌላ ሲጎትትበት መታገሥ አይችልም። ጉልበቱ የራሱ ነበር፤ ክለቡ ግን የብዙ ሰው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ስፔን በቆጵሮስ 3 ለ 2 ተዋርዳ ብሔራዊ ቡድኑን ሰጠችው። በሚቀጥለው መጋቢት ቡድኑ ኦስትሪያን 9 ለ 0 ቀጣ። በአውሮፓ ዋንጫ 2000 በሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ራውል በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ሰማይ ላከ።

የ2002ቱን የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ብብቱ በላብ የራሰውን የካማቾን ሸሚዝ አይረሳም። ሰኔ 22 ቀን ጓንግጁ ላይ ስፔን ከአዘጋጇ ደቡብ ኮሪያ ጋር ተገናኘች። ዳኛው ግብፃዊው ጋማል አል ጋንዱር ነበር። በመደበኛው ሰዓት አንድ የስፔን ግብ በጥፋት ተሰረዘ። ጭማሪው ሰዓት እንደ ተጀመረ ደግሞ ሆአኪን ከመስመሩ ጠርዝ ኳስ አሻማ፣ ሞሪየንቴስ በግንባሩ አስገባ፤ የመስመር ዳኛው ግን ኳሱ አስቀድሞ ወጥቷል ብሎ ባንዲራውን አነሣ። ሕጉ ኳስ ወጣ የሚለው መላ አካሉ መስመሩን ሲሻገር ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን ተደግሞ ሲታይ ደግሞ አልተሻገረም። በዚያን ዘመን የወርቃማ ጎል ሕግ ይሠራ ነበርና በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ እዚያው ያሸንፋል። ስለዚህ ያቺ ባንዲራ የሻረችው ግብ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ፍጻሜንም ነው። በመለያ ምት ሆአኪን ሳተ፣ ኮሪያ 5 ለ 3 አለፈች፣ ካማቾም ሥራውን ለቀቀ።

ወደ ሊዝበን ሄዶ ቤንፊካን ያዘ። በጥር 2004 ተጫዋቹ ሚክሎሽ ፌኸር ጨዋታ ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቤንፊካ የሞሪንሆን ፖርቶ 2 ለ 1 ረትቶ የፖርቱጋልን ዋንጫ ወሰደ፤ ያው ፖርቶ ከአሥር ቀን በኋላ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። እንደ እኔ ከሆነ የካማቾ ትልቁ የአሰልጣኝነት ሥራ ይኸው ነው።

በዚያው ክረምት ማድሪድ እንደገና ጠራው። ዚዳን፣ ፊጎ፣ ሮናልዶ፣ ቤካም፣ ራውል በአንድ መልበሻ ክፍል ነበሩ። ሌቨርኩሰን ላይ 3 ለ 0፣ በኤስፓኞል 1 ለ 0 ተሸነፈና በመስከረም፣ ሊጉ ገና ሦስተኛ ጨዋታው ላይ እያለ፣ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። በኦሳሱና ሠራ፤ ቻይናን ይዞ በ2013 በገዛ ሜዳው በታይላንድ 5 ለ 1 ተሸንፎ ተሰናበተ። መጨረሻ ላይ ወደ አህጉራችን መጣ። ጋቦን የ2017ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ልታዘጋጅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ነው ቡድኗን የሰጠችው። ከጊኒ ቢሳው 1 ለ 1፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1፣ ከካሜሩን 0 ለ 0። ኦባሜያንግ ያለበት አዘጋጅ ቡድን በሦስት ጨዋታ ሁለት ግብ ብቻ ተቆጥሮበት፣ አንድም ሳይሸነፍ፣ ከምድቡ ወደቀ። ዋንጫውን ሊብረቪል ላይ ያነሣችው ካሜሩን ናት።