ከአንጀት የተሠራ ፊኛና ጥበቃው

ቄራ ሲባል ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ሥጋ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው እንደ መሆኑ መጠን፣ ነዋሪው ስለ ሆድ ዕቃ ያለው ዕውቀት ከሌላው ሰፈር ሰው ሳይበልጥ አይቀርም። ጨጓራና አንጀት አጥቦ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አንጀት ደጋግሞ ቢታጠብም ከውስጥ ገጹ ዝልግልግ የሆነው ነገር በቀላሉ አይለቅም። በዛሬው ጽሑፋችን አንጀትን የምናነሣው ስለ ምግብ ለመናገር አይደለም። ሐኪሞች ከሕመምተኛው ከራሱ አንጀት ጥቂት ቆርጠው የሽንት ፊኛ ስለሚያድሱበት ጥበብ፣ ይልቁንም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስለሚከተለው የተሕዋስያን ጣጣ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ ነው።

ፊኛ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ ነው። ካንሰር ያጠፋዋል፤ ፊኛው ክፍት ሆኖ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ በአዋሽ ሸለቆ የሚገኘው የሽንት ቢልሃርዚያም ይጎዳዋል። በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ከተራዘመ ምጥ የሚመጣው ፌስቱላ ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆይ፣ በአጥንትና በራስ መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞትና ይቀደዳል። ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈሳል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ የጀመሩት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን፣ ለነዚህ እናቶች በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 አረፉ። በሆስፒታሉ የብዙዎቹ ቀዳዳ ተሰፍቶ ይድናል። ይሁንና ፊኛቸው ፈጽሞ የጠፋ ጥቂት ሴቶች አሉ። ለነዚህ ሽንቱ በአንጀት በኩል በሌላ መንገድ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አንዳንዶቹም በሆዳቸው ላይ ከተከፈተ ቀዳዳ ሽንቱን በከረጢት ይቀበላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ የተመሠረተው ደስታ መንደር የታሰበው ሳያቋርጥ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ለነዚህ ሴቶች ነው።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሳይመን ከኩላሊት የሚወርደውን ሽንት ወደ አንጀት የመለሰበትን ኦፕራሲዮን በ1852 አስታውቋል። አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከርም በ1950 ከትንሹ አንጀት ቁራጭ ወስዶ ሽንቱን ወደ ሆድ ውጭ የሚያወጣ ቦይ መሥራትን አስፋፋ። ዛሬ ደግሞ አንጀቱን ሰንጥቀው እንደ ከረጢት በመስፋት ፊኛን ያሰፋሉ ወይም በምትኩ አዲስ ይሠራሉ። በነዚህ ሁሉ ዘመናት ግን አንድ ጠላት ከሐኪሞቹ አልተለየም፤ እርሱም ተሕዋስያን ከሽንቱ ተነሥተው ወደ ኩላሊት መውጣታቸው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አንጀት ፊኛ ተብሎ ቢጠራም አንጀትነቱን አይተውም። ዝልግልጉን ማፍለቁን ይቀጥላል፤ በዚያ ውስጥ ተሕዋስያን ይጠለላሉ፣ ጠጠርም ይፈጠራል። ደግሞም ተፈጥሮው ከተሕዋስያን ጋር አብሮ መኖር ስለ ሆነ እንደ ፊኛ ገጽ አይከላከላቸውም። እንደ ፊኛም ተኮማትሮ ሽንቱን በሙሉ ስለማይገፋ ጥቂቱ ውስጥ ይቀራል። የቆመ ውኃ እንዲሸት የቆመ ሽንትም ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ሽንቱን በላቦራቶሪ ባስመረመረ ቁጥር ባክቴሪያ ቢገኝበት የሚያስደንቅ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው። ሽንቱ ደፈረሰ ወይም ሸተተ ተብሎ፣ ሰውየው ምንም ሳያመው፣ አንዱ አንቲባዮቲክ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። ባክቴሪያው ለጊዜው ይሸሽና መድኃኒቱን ተለማምዶ ይመለሳል። እውነተኛው ሕመም በመጣ ቀን የሚሠራ መድኃኒት ይታጣል። በሽንት ውስጥ ተሕዋስያን መገኘት አንድ ነገር ነው፤ መታመም ግን ሌላ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ማስታወክ፣ የሽንት ደም መምሰል ሲታይ ግን አንድ ቀን ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሐኪሙም መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ሽንቱን አስመርምሮ የትኛው እንደሚሠራ ይለያል። ለነፍሰ ጡር፣ የሽንት ቧንቧ ኦፕራሲዮን ለሚጠብቅ፣ ጠጠር የሚያስከትል ባክቴሪያ ለተገኘበትም ሐኪሙ ሕመም ሳይሰማው መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ በ1972 ባሳተመው ሥራ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር አሳየ። ፊኛው በራሱ የማይወጣለት ሰው በንጹሕ እጅና በንጹሕ ቱቦ ሽንቱን በየሰዓቱ ልክ ራሱ ቢያወጣ፣ ቱቦው እንደ ኦፕራሲዮን ዕቃ የተቀቀለ ባይሆንም እንኳ ይጠቀማል። ፊኛ ሲወጠር ግድግዳው ደም ያንሰዋል፣ ኃይሉም ይደክማል፤ በጊዜው ባዶ ሲሆን ግን ራሱን ይከላከላል። በመሆኑም በቱቦ የሚጠቀሙት ብዙዎቹ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባዶ እንዲያደርጉት፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው በጨው ውኃ ዝልግልጉን እንዲያጥቡት፣ ካልተከለከሉ በቀር ውኃ በብዛት እንዲጠጡ ይመከራሉ።

ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ውኃና በር ያለው መጸዳጃ ይፈልጋል። በቄራና በአካባቢው ካሉት አሮጌ ግቢዎች በብዙዎቹ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ቧንቧውም ሳይመጣ የሚውልበት ቀን አለ። ሐኪሙ ለሰዓታት ተጨንቆ የሠራውን ፊኛ የአንድ ባልዲ ውኃ መታጣት ሊያበላሸው ይችላል። ሕመምተኛዋ በሥራ ቦታ በየአራት ሰዓቱ ስትነሣ አለቃዋ ፊቱን ቢያጠቁርባት፣ አፍራ መታገሥ ትጀምራለች፤ ዋጋውን የሚከፍለው ኩላሊቷ ነው።

እኛ ወጣቶች ነገ ትምህርት ቤት የምንመራ፣ ለመሥሪያ ቤት በጀት የምንጽፍ፣ የግቢ ውኃ ጉዳይ በጠረጴዛችን የሚያልፍ ሰዎች ነን። ቀዶ ሕክምናው የሐኪም ሥራ ነው፤ የተሠራውን መጠበቅ ግን የሐኪም ብቻ አይደለም። መጸዳጃ ቤት የሚዘጋ በር፣ ውኃና ሳሙና እንዲኖረው ማድረግ፣ ደጋግሞ የሚነሣውን ባልደረባ ለምን ብሎ አለመጠየቅ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ለሚገዛ ዘመድ አይሆንም ማለት በእጃችን ያለ ነገር ነው።